ፋይበር ሊገባልኝ ነው፣ ቱቦው ተዘጋብኝ! ነገ ጠዋት ይመጣሉ

የሰሚት ልጅ፣ ከቀኑ 10፡40

ሰላም ናችሁ፣ በጣም አስቸኳይ ነው። ዛሬ የፋይበር ኢንተርኔት ሊያስገቡልኝ ሠራተኞች መጡ። ገመዱን ከፖሉ እስከ ግቢው በር አደረሱት። ከበሩ ወደ ቤት የሚወስደው ቱቦ ግን እምቢ አለ። መሳቢያ ሽቦ ቢከቱ ቢከቱ መሀል ላይ ይቆማል። «መስመሩን አስከፍቺ፣ ነገ 3 ሰዓት እንመለሳለን፣ ካልሆነ ተራሽ ያልፋል» ብለው ገመዱን ጠቅልለው አጥሩ ላይ ሰቅለውት ሄዱ። ይህን ተራ ሁለት ወር ጠብቄዋለሁ። እኔም በልብስ ማስጫ ሽቦ ሞከርኩ፣ እሱም ተጣሞ ቀረ። ምን ላድርግ? ቶሎ በሉ።

ምን አገባኝ፣ 10፡46

ሁለት ወር ብቻ? እኔ ስመዘገብ ልጄ አልተወለደችም ነበር። አሁን «ዋይፋይ ለምን የለንም» ትለኛለች።

ናስትሮ፣ 10፡52

ወንድሜ፣ መጀመሪያ እነዚህን መልስልኝ። ቱቦው ስንት ሚሊ ነው? ከበሩ እስከ ቤቱ ስንት ሜትር ነው? ስንት ቦታ ይታጠፋል? ውስጡ ሌላ ገመድ አለ? ይህን ሳናውቅ የምንለው ሁሉ ግምት ነው።

መብራት ሄደ፣ 10፡55

ራውተሩን አጥፍተሽ አብሪው።

ኢንጂነሩ፣ 11፡01

ከመሠረቱ እንነሳ። ፋይበር ማለት ብርሃን የሚጓዝበት የመስታወት ክር ነው። ለረጅም ርቀት ግንኙነት እንደሚሆን እ.ኤ.አ. በ1966 ያሳየው ቻርልስ ካኦ ነው፤ በ2009 የፊዚክስ ኖቤል ተሸልሞበታል። ብርሃኑ የሚሄድበት እምብርት 9 ማይክሮን አካባቢ ነው። ዙሪያውን ያለው መስታወት ሲጨመር 125 ማይክሮን ይሆናል። ወደ ቤት የሚመጣው ብርሃን 1490 ናኖሜትር፣ ከቤት የሚወጣው 1310 ናኖሜትር ነው፤ ሁለቱም ሳይጋጩ በአንድ ክር ይተላለፋሉ። ለዓይን ስለማይታይ ማንም የገመዱን ጫፍ ወደ ዓይኑ አስጠግቶ እንዳያይ። በመስታወት ውስጥ ብርሃን በሰከንድ 200 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። እንግዲህ ይህን ከተረዳን…

ምን አገባኝ፣ 11፡04

ኢንጂነር፣ ልጅቷ ቱቦው ተዘጋብኝ ነው ያለችው። ካኦ ይጥረግላት?

የሰሚት ልጅ፣ 11፡12

ናስትሮ፣ ወንድምህ አይደለሁም፣ እህትህ ነኝ። ቱቦው ጥቁር ነው። ስንት ሚሊ እንደሆነ አላውቅም፣ አውራ ጣቴ አይገባበትም። ርዝመቱ በእርምጃ ወደ 40 ይሆናል። ሌላ ገመድ የለበትም። መሬት ውስጥ ስለሆነ የት እንደሚታጠፍ አይታይም። ያስቀበሩት አከራዬ ናቸው።

«መብራት ሄደ»፣ አንተ ደግሞ፣ ራውተር ገና አልተሰጠኝም።

ቀጥ በል፣ 11፡15

ግን ለምን ከመሬት በታች? ጥያቄው ራሱ ልክ አይደለም። በላይ በኩል ቀጥ አድርገሽ አስወስጂው። ገመዱ ጎኑ ላይ ብረት ሽቦ ያለው ለዚህ ነው፣ ተንጠልጥሎ ክብደቱን እንዲችል። ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ቱቦ ቱቦ ስትሉ ትውላላችሁ።

ጉለሌ 77፣ 11፡21

እኔም እንደ ወንድማችን ቀጥ አድርጌ በላይ አሳልፌው ነበር። ጎረቤቴ ቤት ሊያድስ አሸዋ የጫነ አይሱዙ አስገባ። መኪናው ገመዱን፣ የቆርቆሮውን ጠርዝና የእኔን የሦስት ሳምንት ኢንተርኔት ጠርጎ ሄደ።

ቀጥ በል፣ 11፡23

ዝቅ አድርገህ ወጥረኸው ነው። የእኔ ሦስት ዓመቱ ነው፣ ወፍ እንኳ አይነካውም።

ጉለሌ 77፣ 11፡24

ወፍ አይሱዙ አይነዳም።

የወረቀት ሰው፣ 11፡30

እህቴ፣ ቱቦ መጥረግ ያንቺ ሥራ አይደለም። ገመድ ማስገባት የእነሱ ግዴታ ነው። ጽፈሽ አመልክቺ፣ ቅጂውንም ያዢ። ሰው መብቱን ስለማይጠይቅ ነው እንዲህ የምንሆነው።

ናስትሮ፣ 11፡38

ጋሼ፣ መብቷ ይሁን። ነገ 3 ሰዓት ግን ማመልከቻው ቱቦ አይከፍትም። እስከ ግቢው በር ያለው የእነሱ፣ ከበሩ ወደ ውስጥ ያለው የባለቤቱ ተደርጎ ነው አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው። በእጅ ያለውን እናድርግ።

የሰሚት ልጅ፣ አውራ ጣት የማይገባበት ከሆነ 16 ሚሊ ሳይሆን አይቀርም። ለፋይበሩ ይበቃል። አሁን አጥሩ ላይ የተሰቀለውን ጥቅል እዪልኝ። ጫፉ ላይ አረንጓዴ ፕላስቲክ አለ?

ሙሉ ቀን፣ 11፡40

ቱቦ ለመክፈት ቀላሉ ዘዴ ይሄ ነው። ከስስ ፔስታል ትንሽ ቆርጠሽ እንደ ኳስ አድርጊና በቀጭን ክር እሰሪው። በአንዱ ጫፍ ክተቺው። በሌላው ጫፍ የምንጣፍ መጥረጊያ ማሽን ደቅኚና አብሪው። ፔስታሉ ክሩን ይዞ ይመጣል። በክሩ ሲባጎ ትስቢያለሽ፣ በሲባጎው ገመዱን። ማሽን ከሌለሽ መኪና እጥበት ቤት ለምኚ።

የሰሚት ልጅ፣ 11፡49

አዎ አረንጓዴ ነገር አለው፣ በትንሽ ክዳን ተሸፍኗል። የጎረቤት ልጆች በጥቅሉ ገመድ ዝላይ ሊጀምሩ ሲሉ ደረስኩ።

ናስትሮ፣ 11፡55

እግዜር ነው ያደረሰሽ። ጥቅሉን ወደ ቤት አስገቢው። ስትጠቀልዪው ከስኒ አፍ የጠበበ መታጠፊያ አይኑረው። ውስጡ መስታወት ነው። ሲጨመቅ ሳይሰበር እንኳ ብርሃን ያፈሳል፣ ከዚያ ኢንተርኔቱ ይቆራረጥና ማንም ምክንያቱን አያገኝልሽም። ክዳኑን አትንቀዪ። አንድ የአቧራ ቅንጣት ይበቃዋል።

ዋናው ነገር ደግሞ ይሄ ነው። አንቺ ሲባጎ ብቻ አሳልፊ። ፋይበሩን ራሱን በቱቦ ለመሳብ አትሞክሪ። ያ አረንጓዴ ጫፍ 16 ሚሊ ቱቦ ውስጥ መታጠፊያ ላይ ይያዛል። ሲመጡ ጫፉን ቆርጠው፣ ገመዱን ስበው፣ ቤት ውስጥ አዲስ ጫፍ ይገጥሙለታል። መሣሪያው አላቸው፣ የደቂቃዎች ሥራ ነው። አንቺ ግን እንዳትቆርጪው።

መብራት ሄደ፣ 11፡57

ራውተሩ ሲመጣ ማለቴ ነው።

አቡ ዳቢ፣ 12፡03

እዚህ ቤቱ ሲሠራ ነው ቱቦውም ሳጥኑም የሚገባው። እኔ ሶፋ ላይ ተቀምጬ ሻይ ሳልጨርስ ነው የተገጠመልኝ። ለማስቀናት አይደለም።

ምን አገባኝ፣ 12፡04

ለማስቀናት ነው።

የሰሚት ልጅ፣ ምሽት 12፡30

ከመኪና እጥበት ማሽኑን ተውሼ ሞከርኩ። ፔስታሉ ንቅንቅ አላለም። ጎሚስታም ጋ ሄጄ ነበር፣ በኮምፕሬሰር ቢነፋስ ብዬ። ኮምፕሬሰሩን ተሸክሜ አልመጣም አለኝ። ደግሞ አሁን ነው ትዝ ያለኝ፤ አከራዬ ባለፈው ወር ግቢውን ሊሾ አስደርገዋል። እሱ ይሆን እንዴ?

ናስትሮ፣ 12፡34

እህቴ! ይሄ እኮ መጀመሪያ የሚነገር ነው! እኔ ስለ ፔስታል ሳነብ እውላለሁ!

እሺ፣ አሁን ቦታውን እንፈልግ። ጠንከር ያለ ሽቦ ውሰጂ። ከበሩ በኩል እስኪቆም ክተቺ፣ ቱቦው አፍ ላይ በናስትሮ ምልክት አድርጊበትና አውጥተሽ ለኪው። ከቤቱ በኩልም እንዲሁ። ሁለቱን ቁጥር በሊሾው ላይ ከሁለቱም ጫፍ ለኪ። ሁለቱ የሚገናኙበት ነው በሽታው። ግቢውን ሙሉ እንዳታስቆፍሪ። ከዚያ በኋላ ትንሽ ውኃ ጨምሪበት። በሌላው በኩል ከወጣ ጠቦ ነው፣ ካልወጣ ተደፍኗል።

ሙሉ ቀን፣ 12፡41

ፔስታሉን ትንሽ አሳንሰሽ ድገሚው። እኔ ጋ ሠርቷል።

የሰሚት ልጅ፣ ማታ 1፡20

ለካሁ። ከበሩ 19 ሜትር፣ ከቤቱ 10 ሜትር ተኩል። ሁለቱም ሮቶው ጥግ ነው የሚቆሙት። ቱቦው እዚያ ጋ ወደ ቤቱ ይዞራል መሰለኝ። ውኃ አፍስሼ ጠበቅኩ፣ ጠብ አላለም።

ናስትሮ፣ 1፡26

ጨረስሽ። ጎሚቶ ነው፣ ቱቦ ማዕዘን ላይ የሚታጠፍበት መገጣጠሚያ። ማዕዘኑ ላይ የውኃ ጎሚቶ አድርገውበታል፣ ከዚያ ሊሾ ሲያፈሱ ሰው ረግጦት መጋጠሚያው ተላቀቀና ሲሚንቶ ጠጣ። ለገመድ ቱቦ ጎሚቶ አይደረግም። ቱቦው ራሱ ሰፋ ብሎ ይጎብጣል እንጂ።

ምን አገባኝ፣ 1፡28

ጎሚስታ ጋማ ሄዳ ነበር እኮ።

ናስትሮ፣ 1፡29

ጎሚቶ!

የሰሚት ልጅ፣ 1፡33

አዲስ ሊሾ ስበሩልኝ ብዬ ጋሼን እንዴት ልጠይቃቸው? በዚያ ሊሾ ላይ በጫማ ስንሄድ እንኳ ያያሉ።

እመ ብርሃኔ፣ 1፡41

የኔ ልጅ፣ እኔ ራሴ አከራይ ነኝ፣ ልንገርሽ። «ልስበር» ብለሽ አትግቢ። መጀመሪያ የለካሽበትን ቦታ አሳዪያቸው። ሁለት ሊሾ ሠሪ ጠርቶ ግቢ ከመቆፈርና ሁለት ጋት ከመክፈት የቱ ይሻላል በያቸው። ደግሞ ቱቦው የእሳቸው ነው፣ አንቺ ስትወጪም ይቀራል። እዚያው ስትከፍቺ ለእሳቸው ቤትም አንድ ሲባጎ አሳልፊላቸው። የማስደፈኛውን እኔ እችላለሁ በይ። እኔ ብሆን እሺ እላለሁ። ገንዘቡን ግን ቀድሜ እቀበላለሁ።

ቀጥ በል፣ 1፡44

በላይ ቢሄድ ኖሮ እኮ ይሄ ሁሉ…

ጉለሌ 77፣ 1፡45

አይሱዙ።

የሰሚት ልጅ፣ ማታ 2፡50

ጋሼ እሺ አሉ! ራሳቸው መሮ ይዘው መጡ። ጎሚቶው በሲሚንቶ ተደፍኗል፣ ናስትሮ እጅህ ይባረክ። ቆርጠን አወጣነው። አሁን ግን መሀሉ ክፍት ነው፣ ሱቅ ሁሉ ተዘግቷል። በምን ላገናኘው?

ናስትሮ፣ 2፡54

የአትክልት ማጠጫ ጎማ ቤት ውስጥ የለም? ከቱቦው ወፈር ያለ፣ አንድ ሜትር የሚሆን ቁረጪ። ሁለቱን የቱቦ ጫፎች ወደ ውስጡ አስገቢ። በሰፊው ይጉበጥ፣ ሳህን አስቀምጠሽ ዙሪያውን እንደምትሄጂ አድርገሽ አስቢው። መጋጠሚያውን በናስትሮ ጠቅልዪ። ከመጠቅለልሽ በፊት ግን ሲባጎውን አሳልፊ! አንዱን ከበሩ ወደ ጉድጓዱ፣ ሌላውን ከጉድጓዱ ወደ ቤት፣ ከዚያ በጎማው ውስጥ አሳልፈሽ ቋጠሪያቸው። ቋጠሮው ትንሽና ጠንካራ ይሁን። ሁለቱም ጫፍ ላይ ሁለት ሁለት ሜትር አትርፊ፣ ሾልኮ እንዳይገባ እንጨት ላይ እሰሪው። ጉድጓዱን ነገ ገመዱ ካለፈ በኋላ ነው የምታስደፍኚው፣ አሁን ቆርቆሮ ጣል አድርጊበት።

የመብራት ገመድ በዚህ ቱቦ ውስጥ አብሮ እንዳይገባ ለጋሼ ንገሪልኝ። ፋይበሩ መብራት አያስተላልፍም፣ ጎኑ ላይ ያለው ብረት ግን ያስተላልፋል።

ገመዱን ሲስቡ ፈሳሽ ሳሙና ያዢላቸው። ከበሩ በኩል አንድ ሰው ይግፋ፣ ከቤት በኩል አንድ ሰው ይሳብ። ጎትት ጎትት የለም።

ሰላም ነው፣ 3፡10

ገመዱ ከገባ በኋላ ስላለውም አስቢ እህቴ፣ ብዙ ሰው እዚያ ላይ ነው የሚሳሳተው። «የት እናስቀምጠው?» ሲሉሽ በሩ አጠገብ ያለው ሶኬት ጋ እንዳትይ። ገመዱን ሳሎኑ መሀል እስኪደርስ አስወስጂው። ሰው ራውተሩን ቡፌ ውስጥ ከብርጭቆው ጋር ይደረድራል፣ ከዚያ መኝታ ቤት አይደርስም ብሎ ያማርራል። ከፍ ያለ፣ ክፍት ቦታ ይሁን። ከፍሪጅና ከመስታወት ይራቅ። ሶኬቱ ዛሬ ማታ ይሠራ እንደሆነ በስልክ ቻርጀር ሞክሪው።

ከመሄዳቸው በፊት የብርሃኑን መጠን ለክተው እንዲያሳዩሽ ጠይቂ። ቁጥሩ ከዜሮ በታች ነው የሚመጣው። ከዜሮ በታች 20 ዲቢኤም አካባቢ ከሆነ ሸጋ ነው። 27ን ካለፈ ጫፉን ድጋሚ እንዲገጥሙት ንገሪያቸው። ፋይበሩ የሚሰካበት ሳጥን ላይ ቀይ መብራት ብልጭ ብልጭ ካለ ብርሃኑ አልደረሰም ማለት ነው። እሱን አጥፍቶ ማብራት አያድነውም።

መብራት ሄደ፣ 3፡12

በእኔ ነው?

ሰላም ነው፣ 3፡15

በአንተም ነው። ግን ስምህ አንድ ነገር አስታወሰኝ። ፋይበር መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል፣ ሳጥኑ መብራት ይፈልጋል። ብዙዎቹ 12 ቮልት ናቸው፣ አዳፕተሩ ጀርባ ላይ ተጽፏል። ለራውተር የሚሆን ትንሽ ባትሪ ስትገዢ ቮልቱ እኩል፣ አምፔሩ እኩል ወይም የሚበልጥ ይሁን። በ9 ቮልት የሚሠራውን በ12 ሰክቶ ያቃጠለ ሰው አውቃለሁ። እኔ ነኝ።

የሰሚት ልጅ፣ 3፡40

ሲባጎው አለፈ!!! ጋሼም የራሳቸውን አሳልፈዋል፣ እንዲያውም እኔን ቀድመው። ነገ እነግራችኋለሁ።

ምን አገባኝ፣ በማግስቱ ጠዋት 4፡30

3 ሰዓት አለፈ። መጡ?

እመ ብርሃኔ፣ 7፡15

ልጄ፣ ምን ሆንሽ? ጉድጓዱንስ አስደፈንሽላቸው?

ቀጥ በል፣ ከሁለት ቀን በኋላ

አልመጡም ማለት ነው። በላይ ቢሆን ኖሮ ራሷ ትሰቅለው ነበር።

ሙሉ ቀን፣ ከሁለት ቀን በኋላ

ገብቶላት ፊልም እያየች ይሆናል። የገባለት ሰው መቼ ተመልሶ ይጽፋል?

አዲስ ገቢ፣ ከአሥር ቀን በኋላ

ሰላም ናችሁ፣ እኔም ልክ እንደዚህ ገጥሞኛል፣ ዛሬ ከሰዓት ይመጣሉ። ፔስታሉ ግማሽ መንገድ ገብቶ ቆመ፣ ክሩም ተበጠሰ። እባካችሁ ቶሎ።

ናስትሮ፣ ከአሥር ቀን በኋላ

ቱቦው ስንት ሚሊ ነው? በቅርቡ ሊሾ ተሠርቷል?