የአባቴ የመድኃኒት ፓምፕ ይጮኻል፤ ቀጠሮውን እንጠብቅ?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ ኅብለ ሰረሰራቸው ከተጎዳ ወዲህ እግራቸው እየተገታተረ ያሠቃያቸው ነበር። የዛሬ 2 ዓመት ሆዳቸው ላይ፣ ከቆዳ ሥር፣ ባክሎፌን የተባለውን ጡንቻ የሚያላላ መድኃኒት የሚሰጥ ፓምፕ ተቀበረላቸውና ተሻላቸው። ከትናንት ማታ ጀምሮ ግን ከሆዳቸው ቲት ቲት የሚል ድምፅ ይሰማል። ዛሬ ደግሞ ሰውነታቸውን ያሳክካቸዋል፤ ሽፍታ የለም። መድኃኒቱ የሚሞላበት ቀጠሮ የዛሬ ሳምንት ነው። እስከዚያ እንጠብቅ?

አንዲት እናት፦ አትጠብቂ እህቴ፣ አሁኑኑ ውሰጃቸው! ሽፍታ የሌለው ማሳከክ መድኃኒቱ ሲቋረጥ ይመጣል። የእኔም ልጅ ፓምፕ አለው። አለርጂ መስሎን አሳደርነው። ሊነጋ ሲል በትኩሳት ነደደ፤ እግሩ እንደ እንጨት ደረቀ። ያቺን ሌሊት መቼም አልረሳትም።

ነርስ ነኝ፦ እውነቷን ነው። ድምፁ ማስጠንቀቂያ ነው። መድኃኒቱ ሊያልቅ ሲል፣ ባትሪው ሲደክም ወይም ሞተሩ ሲቆም ይጮኻል። ቱቦው ቢታጠፍ ወይም ቢነቀል ግን ፓምፑ ላያውቀው ይችላል። ስለዚህ ባይጮኽም እንኳ ምልክቱን እመኑ። መድኃኒቱ በቀጭን ቱቦ በቀጥታ ኅብለ ሰረሰርን ወደከበበው ፈሳሽ ነው የሚገባው። በማይክሮግራም የሚለካ ትንሽ መጠን የሚበቃውም ለዚህ ነው። በድንገት ሲቋረጥ ጡንቻ ይጎዳል፣ ሰውየው ግራ ይጋባል፣ ሕይወትም ሊያልፍ ይችላል። ክኒን ሰጥቶ ቤት መጠበቅ መፍትሔ አይሆንም። ድንገተኛ ክፍል ስትገቡ ከሁሉ በፊት «የባክሎፌን ፓምፕ አላቸው» በሉ። የፓምፑን ካርድ እንዳትረሱ፤ የመድኃኒቱ መጠን የተጻፈበት ወረቀት ካለም ያዙ።

ሌላ አባል፦ ሰሞኑን ኤምአርአይ (በትልቅ ማግኔት የሚነሳ የውስጥ አካል ምስል) ተነስተው ነበር? እኔ ፓምፕ ካስገባሁ 5 ዓመቴ ነው። የእኔ ፓምፕ ሞተር በማግኔቱ ይቆማል፤ ስወጣ መልሶ ይነሳል። መነሳቱን ግን በማንበቢያ መሣሪያው ሳያዩልኝ ከዚያ አልሄድም።

ጠያቂ፦ ትናንት ጠዋት ለወገባቸው ተነስተዋል! ከዚያ በኋላ ፓምፑን ያየው ሰው የለም። እየወጣን ነው።

ጠያቂ (ማታ)፦ ሞተሩ ቆሞ ቀርቶ ነበር። አሁን ሐኪሞቹ አስነስተውታል፤ ትኩሳት ጀምሯቸው ስለነበር እዚሁ ያድራሉ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁም።

ነርሷ፦ ተመስገን! ዛሬ አጠገባቸው ሁኚ። እንቅልፍ ከበዛባቸው ወይም ትንፋሻቸው ከደከመ መድኃኒቱ በዝቶባቸው ሊሆን ይችላል፤ ወዲያው ተረኛዋን ጥሪ።