ከለንደን ወደ ቶሮንቶ፦ የ18 ዓመት ልጅ፣ የክርስትና ድግስና የመጠጥ ሕግ

የልደታ ልጅ (ጠያቂ፣ ቶሮንቶ)

ጤና ይስጥልኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ለንደን ኖሬያለሁ፤ እኔም ባለቤቴም የእንግሊዝ ዜጎች ነን። በባለቤቴ ሥራ ምክንያት ወደ ቶሮንቶ ከመጣን አምስተኛ ሳምንታችን ነው። ቋንቋው አንድ ስለሆነ ኑሮውም አንድ ይመስለኝ ነበር። አይደለም።

ባለፈው ቅዳሜ ባለቤቴና የ18 ዓመት ልጄ ለእንግዳ የሚሆን አንድ ካርቶን ቢራ ሊገዙ ሱፐርማርኬት ገቡ። ካርቶኑን የተሸከመው ልጄ ነበር። ገንዘብ ተቀባይዋ የሁለቱንም መታወቂያ ጠየቀች። ልጄ የለንደን መንጃ ፈቃዱን አወጣ፤ እዚያ ያለ ምንም ችግር የሚገዛበት ነው። እሷ ግን ለእሱ ብቻ ሳይሆን ለአባቱም አልሸጥም አለች። ልጄ ሰው ሁሉ እያየው በመመለሱ በጣም አፍሮ ነው ቤት የገባው። ለአባቱ መከልከሏ ሕጋዊ ነው?

ሁለተኛው ጥያቄዬ የበለጠ ያስጨነቀኝ ነው። የእህቴ ልጅ ሰማንያ ቀኗ ደርሶ በሚቀጥለው ወር ክርስትና ትነሣለች። አዳራሽ ተከራይተናል። አማቴ ከለንደን መጥተው ጠላና ጠጅ እኔ እጥላለሁ ብለዋል። አንዷ ጎረቤቴ ያለ ፈቃድ አዳራሽ ውስጥ መጠጥ ማቅረብ አይቻልም አለችኝ። እውነት ነው? በራሳችን ገንዘብ ለራሳችን ዘመድ?

ሦስተኛ፣ ከለንደን ያመጣሁት የኤሌክትሪክ ምጣድ ለብ ከማለት አያልፍም። ምን ላድርገው? አማቴም ጠቅልለው ወደዚህ ሊመጡ እያሰቡ ነው፤ ማወቅ ያለባቸው ነገር ካለ ንገሩኝ።

የስካርቦሮ ነዋሪ

እህቴ፣ እንኳን ደህና መጣሽ። እንግሊዝ ውስጥ የመጠጥ መግዣ ዕድሜ 18 ነው። ካናዳ ውስጥ ግን ዕድሜውን የሚወስነው እያንዳንዱ ክፍለ ሀገር ነው። በአልበርታ፣ በማኒቶባና በኬቤክ 18 ሲሆን በኦንታሪዮና በቀሩት ሁሉ 19 ነው። ልጅሽ ለንደን ውስጥ ያገኘውን መብት እዚህ እስከ 19ኛ ዓመቱ ድረስ አጥቷል። የሚያበሳጭ ነው፤ ግን እሱ ያጠፋው ነገር እንደሌለ ንገሪው።

ለባለቤትሽ መከልከሏን በተመለከተ፣ ሻጭ ዕድሜው ላልደረሰ ሰው የሚገዛ የመሰለውን ደንበኛ መመለስ ይችላል። ካርቶኑ በልጁ እጅ ስለነበር እንደዚያ አስባ ይሆናል። ሱቁ ፈቃዱን ሊያጣ ስለሚችል ሠራተኞቹ ይፈራሉ። ሌላ ጊዜ ባለቤትሽ ብቻውን ይግባ። ወጣት የሚመስል ሰው ሁሉ ፓስፖርቱን ይያዝ፤ የእንግሊዝ መንጃ ፈቃድ ፎቶና የልደት ቀን ቢኖረውም ለብዙ ሻጮች እንግዳ ወረቀት ነው።

የት እንደሚገዛ ደግሞ ልንገርሽ። እኔ ስመጣ ወይንና ውስኪ ለመግዛት ወደ ኤል ሲ ቢ ኦ፣ ለቢራ ደግሞ ወደ ዘ ቢር ስቶር መሄድ ግድ ነበር። ኤል ሲ ቢ ኦ የኦንታሪዮ መንግሥት የራሱ መጠጥ መሸጫ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1916 የተጀመረው የመጠጥ ክልከላ ሲያበቃ በ1927 የተቋቋመ። በ2015 መጨረሻ አንዳንድ ሱፐርማርኬቶች ቢራ እንዲሸጡ ተፈቀደ። ከመስከረም 2024 ጀምሮ ደግሞ የሰፈር ሱቆችና ነዳጅ ማደያዎች ፈቃድ እያወጡ ቢራ፣ ወይንና ተደባልቆ በቆርቆሮ የታሸገ መጠጥ መሸጥ ጀመሩ፤ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ ምሽቱ አምስት ሰዓት። ውስኪ፣ ጂንና ቮድካ ግን ሱፐርማርኬት ውስጥ አትፈልጊ፤ ለእነሱ አሁንም ኤል ሲ ቢ ኦ ነው። እንደ ለንደን ከዳቦና ከወተት ጋር አንድ ጠርሙስ ጂን ቅርጫት ውስጥ መጨመር የለም።

ባዶ ጠርሙስና ቆርቆሮም አትጣሉ። ስትገዙ መያዣ ከፍላችኋል፤ ለተለመደው የቢራ ጠርሙስና ቆርቆሮ 10 ሳንቲም፣ ለወይን ጠርሙስ 20 ሳንቲም። ዘ ቢር ስቶር ስትመልሱ ገንዘቡን ይሰጣችኋል። ከድግስ በኋላ ቀላል ገንዘብ አይደለም።

ከካልጋሪ

የስካርቦሮው ወንድማችን የተናገረው ለኦንታሪዮ ትክክል ነው። እኛ ጋ ግን ሌላ ነው፤ ይህን የምጽፈው ካልጋሪ ያለ ዘመድ የነገረውን ይዞ ቶሮንቶ ላይ የሚሳሳት ሰው ስላየሁ ነው። አልበርታ መጠጥ መሸጥን በ1993 ለግል ነጋዴዎች ለቃለች። እዚህ የመንግሥት መጠጥ መሸጫ የለም፤ ዕድሜውም 18 ነው። ልጅዎ እኛ ጋ ለጉብኝት ቢመጣ በሕግ ይገዛል፤ ቶሮንቶ ሲመለስ ደግሞ እንደገና አይገዛም። አንድ አገር ውስጥ እንዲህ መሆኑ ለልጆች ግራ የሚያጋባ ስለሆነ ቁጭ አድርጎ ማስረዳት ይገባል።

አባ መላ (ቶሮንቶ)

የአዳራሹን ነገር ሰዎች አክብደውባችኋል። በግል የተጠራ ድግስ ነው፤ መጠጥ አይሸጥም፤ ፈቃድ ምን ያደርጋል? እኛ የሁለት ልጆቼን ክርስትና እንዲሁ ነው ያደረግነው። ማንም አልጠየቀንም።

የአዳራሽ አስተናጋጅ (ቶሮንቶ)

አባ መላ፣ ከአክብሮት ጋር፣ ይህን ምክር ለሰው አይስጡ። በአዳራሽ አስተናጋጅነት ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ፤ ለመጠጥ አስተናጋጆች የሚሰጠውን ስማርት ሰርቭ የተባለ ሥልጠናም ወስጃለሁ። ያልተጠየቁት አደጋ ስላልደረሰ ነው። አንድ እንግዳ ጠጥቶ ሄዶ ሰው ቢገጭ የመጀመሪያው ጥያቄ መጠጡን ያቀረበው ማን ነው፣ በምን ፈቃድ የሚል ይሆናል።

እህቴ፣ ሕጉ የሚለየው በመሸጥና ባለመሸጥ ብቻ አይደለም፤ ቦታውንም ይለያል። በመኖሪያ ቤትዎ ለእንግዳ መጠጥ ለማቅረብ ፈቃድ አያስፈልግም። ከመኖሪያ ቤትና የመጠጥ ፈቃድ ካለው ድርጅት ውጭ ከሆነ ግን፣ በነፃ ቢሆንም እንኳ፣ የልዩ ዝግጅት ፈቃድ የሚባለው ያስፈልጋል። የሚሰጠው የኦንታሪዮ የአልኮልና የቁማር ኮሚሽን ነው፤ ማመልከቻው በኢንተርኔት ይሞላል። ሽያጭ ለሌለው የግል ድግስ ክፍያው በቀን 50 ዶላር ነው። ከዚህ በፊት ግን አዳራሹን ያከራየዎትን ሰው ይጠይቁ፤ አዳራሹ የራሱ የመጠጥ ፈቃድ ካለው መጠጡ በእሱ በኩል ነው የሚቀርበው፤ ከውጭ ማስገባት አይቻልም። መጠጥ ጨርሶ የማይፈቅዱ የቤተ ክርስቲያን አዳራሾችም አሉ። ኢንሹራንስ የሚጠይቁም ብዙ ናቸው።

አሁን ደስ የሚለውን ልንገርዎ። በቤት የተሠራ ቢራና ወይን እንደ ሠርግና ሌላ የቤተሰብ በዓል ባለ፣ ሽያጭ በሌለው ድግስ ላይ በዚሁ ፈቃድ ማቅረብ ይቻላል። ማመልከቻው ላይ በቤት የተሠራ መጠጥ እንዳለ በግልጽ ይጻፉ፤ አንድ ሳንቲም እንኳ አይቀበሉበት። የአማትዎ ጠላና ጠጅ የሚገባበት በር ይኸው ነው። የሚገዛውን መጠጥ ደግሞ ከኤል ሲ ቢ ኦ ወይም ከዘ ቢር ስቶር ይግዙና ደረሰኙን ከፈቃዱ ጋር አዳራሹ ውስጥ ያስቀምጡ። ምግብ በበቂ ይኑር፤ በእኛ ድግስ ይህ ችግር አይሆንም።

ከሁሉ በላይ የማሳስብዎ፣ ጠጅ ከቢራ እጅግ ሊበረታ ይችላል። ቀምሶ የማያውቅ እንግዳ ጣፋጭ ነው ብሎ ሁለት ሦስት ብርሌ ይጠጣል፤ ከዚያ ቁልፉን ያነሣል። የሚቀዳው አንድ ኃላፊነት የሚሰማው ሰው ይሁን፤ ጠርሙስ ጠረጴዛ ላይ አይተዉ። ልጅዎ 18 ዓመቱ ስለሆነ ኦንታሪዮ ውስጥ መጠጥ ማስተናገድ ይፈቀድለታል፤ መጠጣት ግን አይችልም። ቤት ውስጥ ወላጅ ለልጁ ቢሰጥ ሕጉ አይከለክልም፤ አዳራሽ ውስጥ ግን እናቱ አጠገቡ ቢቆሙም አይሆንም።

አባ መላ

ቤትና አዳራሽ የሚለየውን አላውቅም ነበር። ወንድሜ አመሰግናለሁ። እህቴ፣ የእኔን ምክር ተዪውና የእሱን ያዢ።

እማሆይ ጠጅ ቤት (ሚሲሳጋ)

ልጄ፣ ጠላውን አትፍሪ። እኔ እዚህ አገር ሠላሳ ዓመት ጥያለሁ። ጌሾም ብቅልም ዳንፎርዝ ጎዳና አካባቢ ካሉት የሀበሻ ሱቆች ይገኛል፤ አማትሽ ከለንደን ተሸክመው አይድከሙ። ቅጠልም ሆነ እህል ካመጡ ግን አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ሳይደብቁ ይናገሩ።

ችግሩ ብርዱ ነው። የምድር ቤቱ ወለል በክረምት በረዶ ስለሆነ ጥንስሱ ይተኛል። ጋኑን ወይም ባልዲውን መሬት ላይ አታስቀምጡ፤ እንጨት ከሥሩ አድርጉና በብርድ ልብስ ጠቅልሉት። ለጠጁ ጊዜ ስጡት፤ አምስት ሳምንት ካላችሁ ዛሬውኑ ይጀመር። ካልበሰለ ጠጅ ያልቀረበ ይሻላል። ብርዝም አዘጋጁ፤ ለልጆቹና መኪና ለሚነዱት ይሁን፤ ብርሌ ይዘው ከሌላው ጋር እኩል ይጫወታሉ።

አንድ ነገር ብቻ፦ አረቄ እንዳይታሰብ። ጠላና ጠጅ ለቤት መጥመቅ ይፈቀዳል፤ አረቄ ማውጣት ግን ያለ መንግሥት ፈቃድ ወንጀል ነው። የማውቃቸው እናት ለልጃቸው ሠርግ ሊያወጡ ሲሰናዱ እኔ ነኝ ያስቆምኳቸው።

ኤሌክትሪክ ሠራተኛ (ብራምፕተን)

ስለ ምጣዱ። የእንግሊዝ መብራት 230 ቮልት ነው፤ የካናዳ ተራ ሶኬት 120። ማሞቂያ ዕቃ በግማሽ ቮልት ሲሠራ ኃይሉ የሚወርደው ወደ ሩብ ገደማ ነው፤ ለዚህ ነው ለብ ብሎ የሚቀረው። ምጣዱ አልተበላሸም። ቤታችሁ ውስጥ ለምድጃና ለልብስ ማድረቂያ 240 ቮልት የሚሰጥ መስመር አለ፤ አንዳንድ ሰው መሰኪያ እየቀያየረ ከዚያ ሊያገናኝ ሲሞክር አይቻለሁ። ለእጃችሁም ለቤታችሁም ብላችሁ አትሞክሩት። ለ120 ቮልት የተሠራ ምጣድ ግዙ። የውሃ ማፍያውም የፀጉር ማድረቂያውም እንደዚሁ ነው። ስልክና ኮምፒውተር ብቻ መሰኪያ ተቀይሮላቸው ይሠራሉ፤ ቻርጀራቸው ላይ ከ100 እስከ 240 የሚል ጽሑፍ ካለ።

የበርሚንግሃም ሰው (ኦታዋ)

እኔም በእርስዎ መንገድ ነው የመጣሁት፤ ሁለት ነገር ልጨምር።

የመጀመሪያው መንጃ ፈቃድ ነው። በእንግሊዙ መንዳት የሚቻለው ኦንታሪዮ ነዋሪ ከሆኑ ጀምሮ 60 ቀን ብቻ ነው። አምስት ሳምንት አልፎዎታል፤ አይዘግዩ። እንግሊዝና ኦንታሪዮ ስምምነት ስላላቸው የሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ የመንዳት ልምድ ያለው ሰው ያለ ፈተና ሙሉውን የኦንታሪዮ ፈቃድ ያገኛል፤ የእንግሊዙን ያስረክባል። ለልጅዎ ግን ይጠንቀቁ፦ 21 ዓመትና ከዚያ በታች የሆነ ነጂ ደሙ ውስጥ ምንም አልኮል ሊገኝበት አይገባም። ለእኛም ቢሆን እንደ እንግሊዝ 80 ሚሊ ግራም ድረስ ነፃ ነኝ ማለት አይቻልም፤ 80 ወንጀል ነው፤ ኦንታሪዮ ግን ከ50 ጀምሮ ፈቃድዎን እዚያው መንገድ ላይ ያግዳል። እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2018 ጀምሮ ፖሊስ በሕግ ያስቆመውን ነጂ ሳይጠረጥርም ትንፋሹን መለካት ይችላል። የተከፈተ ጠርሙስ መኪና ውስጥ እጅ በሚደርስበት ቦታ አያስቀምጡ። የጠላው ጄሪካን ሳይቀር በደንብ ተከድኖ በዕቃ መጫኛው ይሂድ።

ሁለተኛው የአማትዎ ጡረታ ነው፤ ስለዚህ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። የእንግሊዝ መንግሥት ጡረታ እንግሊዝ ለሚኖር ሰው በየዓመቱ ይጨምራል። ካናዳ ለሚኖር ግን አይጨምርም፤ በመጡበት ቀን በነበረው መጠን ላይ ይቆማል። ወደ አሜሪካ ቢሄዱ ይጨምርላቸው ነበር፤ ወደ ካናዳ ግን አይጨምርም። እናቴ ሃያ ዓመት ሆስፒታል አጽድተው ያገኙት ጡረታ ዛሬም በ2011 በነበረው መጠን ነው የሚመጣላቸው፤ ቀድሞ የነገረን ሰው አልነበረም። አማትዎ ቤታቸውን ከመሸጣቸው በፊት ይህን ይወቁ።

የልደታ ልጅ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ የአዳራሹን ኃላፊ ጠየቅሁት፤ የራሱ የመጠጥ ፈቃድ የለውም፤ ስለዚህ የልዩ ዝግጅት ፈቃዱን በባለቤቴ ስም አመልክተናል፤ በቤት የተሠራ የሚለውንም ጽፈናል። ኢንሹራንሱን ነገ እንጨርሳለን። ጠጁን ዛሬ ማታ እህቴ ትጥላለች፤ አማቴ ለጠላው በጊዜ ይደርሳሉ። የጡረታውን ነገር በስልክ ስነግራቸው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ፤ ከዚያ ለድግሱ መጥቼ ሦስት ወር ተቀምጬ እመለሳለሁ፣ ስለ ሌላው በኋላ እናወራለን አሉኝ።

ልጄ ለመቅዳት ተስማምቷል። አሁን የቀረኝ ብርሌ ነው፤ ስልሳ የሚያህል ብርሌ የሚያከራይ ወይም የሚያውስ ሰው ቶሮንቶ ውስጥ ታውቃላችሁ?

እማሆይ ጠጅ ቤት

እኔ ጋ አርባ አራት አለ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ልጁን ላኪው፤ በጋዜጣ ጠቅልዬ እጠብቀዋለሁ።