ቡት ፓርቲሽኔ አልነበብ አለ፤ ልጠግነው ወይስ ፋይል ሲስተሙን ልቀይረው?

ጥቁር_ስክሪን፦
ሰላም ለሁላችሁም። የሊኑክስ ከርነል (የሲስተሙን እምብርት) እያሻሻልኩ ሳለ መብራት ጠፋና ዴስክቶፔ ድርግም አለ። አሁን ስከፍተው ግራብ (ሊኑክስን የሚያስነሳው ቡት ሎደር) «እንዲህ ያለ ዲቫይስ የለም» ይልና ረጅም ዩዩአይዲ (የፋይል ሲስተም መለያ) ይጽፋል። ከዚያ የማዳኛው መስመር ላይ ቆሞ ይቀራል።

ዲስኩ ላይ ሦስት ፓርቲሽን አለ። አንደኛው ኢኤፍአይ ነው፣ ፋይል ሲስተሙ ፋት32። ሁለተኛው ቡት ነው፣ 500 ሜጋባይት፣ ኤክስት2። ሦስተኛው ሩት (ሲስተሙና ፋይሎቼ ያሉበት) ነው፣ ኤክስት4። በላይቭ ፍላሽ (ከፍላሽ በሚነሳ ሊኑክስ) ስገባ ሩት ያለችግር ማውንት ይሆናል፣ ማለትም ተገናኝቶ ይከፈታል፤ ፋይሎቼም በቦታቸው አሉ። ቡት ግን እምቢ አለ። ኢ2ኤፍኤስሲኬ (የኤክስት መፈተሻና መጠገኛ) ሳስኬድበት «የሱፐርብሎኩ መለያ ቁጥር ትክክል አይደለም» ይላል፤ ሱፐርብሎክ የፋይል ሲስተሙ ዋና መግለጫ ነው። ብዙ ቦታ እንደሚመከረው 32768ኛው ብሎክ ላይ ያለውን ቅጂ እንዲጠቀም ነገርኩት። መልሱ ያው ነው።

ሁለት ነገር ልጠይቅ። ይሄ ነገር ይድናል? ደግሞስ ቡትን ከእንግዲህ በምን ፋይል ሲስተም ላድርገው? አንዱ ኤክስኤፍኤስ ይለኛል፣ ሌላው ቢተርኤፍኤስ፣ ሌላው ደግሞ «ሁሉንም ፋት32 አድርገህ ተገላገል» ይለኛል።

የዲስክ_ሐኪም፦
አይዞህ ወንድሜ፣ ሩት ደህና ከሆነ ዋናው ነገር ተርፏል። ቡት ውስጥ ያለው ከርነል፣ ኢኒትራምኤፍኤስ (ከርነሉ ሲነሳ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ፋይል ሲስተም) እና የግራብ ፋይሎች ናቸው። ሁሉም እንደገና ሊሠሩ ይችላሉ።

ግን ምንም ከመጠገንህ በፊት ፓርቲሽኑን እንዳለ በዲዲ (በመገልበጫው ትዕዛዝ) ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጠው። 500 ሜጋባይት ምንም ጊዜ አይወስድም። ጥገና ማለት ዲስኩ ላይ መጻፍ ማለት ነው፤ ነገሩ ከተባባሰ የምትመለስበት ቅጂ ይኑርህ። ከዚያ በስማርትሲቲኤል የዲስኩን ጤና እይ። ቦታቸው የተተካ ወይም ተጠባባቂ ሴክተሮች ቁጥራቸው እየጨመረ ከሆነ ችግሩ መብራቱ ብቻ አይደለም። እየሞተ ያለን ዲስክ የትኛውም ፋይል ሲስተም አያድነውም። እንደዚያ ከሆነ መጀመሪያ የሩትን ዳታ አሽሽ።

ባለተርሚናሏ፦
32768 ያልሠራልህ ፓርቲሽንህ ትንሽ ስለሆነ ይመስለኛል። ይሄ ቁጥር የሚሠራው ብሎኩ 4 ኪሎባይት ሲሆን ነው። ኤምኬኢ2ኤፍኤስ (ኤክስትን ፎርማት የሚያደርገው ትዕዛዝ) ግን ከ512 ሜጋባይት በታች የሆነ ፓርቲሽን ሲያገኝ ብዙውን ጊዜ 1 ኪሎባይት ብሎክ ይመርጣል።

ስሌቱን ልንገርህ፣ አንዴ ከገባህ አትረሳውም። እያንዳንዱ የብሎክ ቡድን የትኛው ብሎክ እንደተያዘ የሚመዘግብበት አንድ ብሎክ አለው። ለአንድ ብሎክ አንድ ቢት ይበቃል። 1 ኪሎባይት ማለት 8192 ቢት ነው፤ ስለዚህ አንድ ቡድን 8192 ብሎክ ይይዛል። በዚህ መጠን ቆጠራው ከ1 ስለሚጀምር ሁለተኛው ቡድን 8193 ላይ ይጀምራል። የመጀመሪያው የሱፐርብሎክ ቅጂ ያለውም እዚያ ነው። እሱም ከተበላሸ 24577፣ 40961፣ 57345 እያልክ ትቀጥላለህ።

መጀመሪያ ሳትጽፍ ሞክር። ለኢ2ኤፍኤስሲኬ ሰረዝ ኤን፣ ቀጥሎ ሰረዝ ትንሹ ፊደል ቢ 8193፣ ከዚያ ሰረዝ ትልቁ ፊደል ቢ 1024 ስጠው። ፓርቲሽኑ ማውንት አለመሆኑን አረጋግጥ። የሚያወጣው ዝርዝር ትርጉም የሚሰጥ ከሆነ ሰረዝ ኤንን አውጥተህ ድገመው።

ቅጂዎቹ የት እንዳሉ ለማየት ኤምኬኢ2ኤፍኤስን በሰረዝ ኤን ተጠቀም የሚል ምክርም ታገኛለህ። ልክ ነው፣ ሰረዝ ኤን ካለ ቦታዎቹን ብቻ ያሳይሃል። ሰረዝ ኤንን ከረሳህ ግን ፓርቲሽኑን ፎርማት ያደርገዋል። እባክህ ኢንተር ከመጫንህ በፊት ትዕዛዙን እንደገና አንብበው።

ጥቁር_ስክሪን፦
8193 ሠራ! ብዙ ጥያቄ ጠየቀኝ፣ አስተካከለ፣ አሁን ማውንት ይሆናል። ውስጡን ሳየው የድሮው ከርነል ሙሉ ነው። የአዲሱ ኢኒትራምኤፍኤስ ግን መጠኑ ዜሮ ነው። የስማርትሲቲኤል ውጤትም ንጹሕ ነው። በጣም አመሰግናለሁ እህቴ።

ባለተርሚናሏ፦
እንኳን ደስ አለህ! ዜሮ የሆነው መጻፉ መሃል ላይ ስለተቋረጠ ነው፤ ፋይል ሲስተሙ ቢስተካከልም ያልተጻፈውን ከየትም አያመጣውም። ግራብ ሜኑ ላይ የድሮውን ከርነል መርጠህ ግባ። ከዚያ የአዲሱን ከርነል ፓኬጅ እንደገና ጫን፤ ኢኒትራምኤፍኤሱ አብሮ ይሠራል። በመጨረሻ የግራብን ሜኑ አድስ። የድሮውም ካልተነሳልህ በላይቭ ፍላሽ ሩትን፣ ቡትንና ኢኤፍአይን በየቦታቸው ማውንት አድርግ፣ ዴቭ፣ ፕሮክና ሲስ የሚባሉትን የከርነሉን ማውጫዎች አገናኝ፣ በሲኤችሩት ወደ ተጫነው ሲስተም ገብተህ ያንኑ ሥራ።

ቡት ሞልቶ እንደሆነም እይ። ቦታ ሲያልቅ የሚፈጠረው ጎዶሎ ኢኒትራምኤፍኤስ የፋይል ሲስተም ብልሽት ይመስላል፣ ግን አይደለም። የማትጠቀምባቸውን አሮጌ ከርነሎች በፓኬጅ ማኔጀሩ አስወግድ።

ቀስ_በቀስ፦
ወደ ሁለተኛው ጥያቄህ ልምጣ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት እዚህ ነው። ለቡት ፋይል ሲስተም ስትመርጥ «የትኛው ዘመናዊ ነው?» አትበል። «ግራብ የትኛውን በደንብ ያነባል?» በል። ቡትን መጀመሪያ የሚያነበው ከርነሉ ሳይሆን ቡት ሎደሩ ነው። ግራብ ደግሞ የራሱ ትንሽ አንባቢ አለው፤ ጆርናል (ለውጦች አስቀድመው የሚመዘገቡበትን መዝገብ) መልሶ አያጫውትም።

ይሄ ኤክስኤፍኤስ ላይ ሲታይ፦ ከርነል ጫንክ፣ ለውጡ ገና ጆርናሉ ውስጥ እያለ ማሽኑ ጠፋ። ሊኑክስ ቢነሳ ጆርናሉን አጫውቶ ያስተካክለው ነበር። ግራብ ግን አዲሱን ፋይል አያየውም፣ ስለዚህ ሊኑክስ አይነሳም። በላይቭ ፍላሽ አንዴ ማውንት ስታደርገው ይድናል። ኤክስት4ም ጆርናል ስላለው ከዚህ ነጻ ነው አልልህም፤ ከርነል ከጫንክ በኋላ ኮምፒውተሩን በሥርዓት ዝጋው። ደግሞ ኤክስኤፍኤስ ላይ ኤፍኤስሲኬ ምንም አይሠራም፤ ዝም ብሎ ተሳክቷል ብሎ ይወጣል። የሚጠግነው ኤክስኤፍኤስ ሪፔር ነው።

ቢተርኤፍኤስ ቡትን ከሩት ጋር አንድ ላይ ስናፕሾት (የቅጽበት ቅጂ) ማድረግ ለሚፈልግ ጥሩ ነው። ለብቻው ለቆመ 500 ሜጋባይት ግን ትርፉ አይታየኝም። ግራብም ያለፈውን ምርጫ የሚያስታውስበትን ፋይል እዚያ ላይ መጻፍ አይችልም። ሲበላሽ ደግሞ የቢተርኤፍኤስ ቼክን የሪፔር አማራጭ መጀመሪያ እንዳትነካ፤ የመጨረሻ አማራጭ ነው።

ፋት32 ለኢኤፍአይ ፓርቲሽን ግዴታ ነው ማለት ይቻላል፣ ፈርምዌሩ የሚያነበው ፋትን ስለሆነ። ሲስተምዲ ቡት የሚባለውን ሌላ ቡት ሎደር የሚጠቀም ሰውም ከርነሉን እዚያው ያስቀምጣል። ዴቢያንና ኡቡንቱ ላይ ግን ቡትን በሙሉ ፋት ካደረግክ ዲፒኬጂ (ፓኬጅ ጫኙ) ያስቸግርሃል። ከርነሉን ሲያሻሽል የድሮውን ፋይል በሃርድ ሊንክ (ለአንድ ፋይል በሚሰጥ ሁለተኛ ስም) ሊያቆይ ይሞክራል፤ ፋት ደግሞ ሃርድ ሊንክ አያውቅም።

የእኔ ምርጫ ኤክስት4 ነው። አንድ ወጥመድ ብቻ ተጠንቀቅ። በ2023 ከወጣው 1.47.0 ጀምሮ ኢ2ኤፍኤስፕሮግስ (የኤክስት መሣሪያዎች ስብስብ) አዲስ ኤክስት4 ሲሠራ ሜታዳታ ሲሰም ሲድ የሚባል ባህሪ በራሱ ያበራል። ግራብ 2.06 ይሄን አያውቀውም፤ «ያልታወቀ ፋይል ሲስተም» ብሎ ይቆማል። አዲስ ላይቭ ፍላሽ ይዘህ የቆየ ሲስተም ቡት ፎርማት ስታደርግ የምትወድቅበት ጉድጓድ ይሄ ነው። ገብተህበት ከሆነ በቲዩን2ኤፍኤስ (የኤክስትን ቅንብር በሚቀይረው ትዕዛዝ) ባህሪውን አጥፋው፤ ፎርማት መድገም አያስፈልግም።

የዲስክ_ሐኪም፦
ባለው ላይ ልጨምር። አሁን ቡትህ ስለዳነ ፎርማቱ ራሱ አያስፈልግህም። ማውንቱን አውርደህ ቲዩን2ኤፍኤስን በሰረዝ ጄ አስኪደው፤ ያለው ፋይል ሳይነካ ጆርናል ይጨመርለታል። ኤፍኤስታብ (የማውንት ዝርዝሩ ፋይል) ላይ ኤክስት2 የሚለውን ኤክስት4 በለው፣ ሊኑክስ ያነበዋል። ዩዩአይዲው ስለማይቀየር ግራብም ግራ አይገባውም።

ፎርማት ካደረግክ ግን አዲስ ዩዩአይዲ ይመጣል። ያኔ ኤፍኤስታብን ታስተካክላለህ፣ ግራብንም እንደገና ትጭናለህ። ወይም ፎርማት ስታደርግ የድሮውን ዩዩአይዲ በሰረዝ ትልቁ ዩ መልሰህ ስጠው።

ጥቁር_ስክሪን፦
በሰረዝ ጄ አደረግኩት፣ ተነሳ፤ አዲሱም ከርነል ገብቷል። አንድ ነገር ቀረኝ። የከርነሉ ሎግ ላይ የኢኤፍአይ ፓርቲሽኑ በሥርዓት እንዳልተነቀለ የሚገልጽ ማስጠንቀቂያ ይወጣል። ያሳስባል?

ባለተርሚናሏ፦
እምብዛም። ፋት ጆርናል የለውም፤ ሲጠፋ ማውንት ላይ ከነበረ አንድ ምልክት እንደበራ ይቀራል። ማውንቱን አውርድና ኤፍኤስሲኬ ፋትን በሰረዝ ኤ አስኪደው፣ ምልክቱን ያጠፋዋል። የቡት ሴክተሩና ቅጂው አይመሳሰሉም ካለህ ግን «ሰረዝ ኤ» የሚለውን ተውና ያለ እሱ አስኪደው፤ የትኛው ወደ የትኛው ይገልበጥ ብሎ ሲጠይቅህ ልዩነቱን አይተህ ምረጥ። ኤፍኤስታብ ላይም የቡትና የኢኤፍአይ መስመሮች ስድስተኛ ዓምድ 2 መሆኑን እይ። 0 ከሆነ ሲነሳ ጨርሶ አይፈትሻቸውም።