ሙሉ ተከፍቶ የቆመ ምጥ፦ ጤና ጣቢያ ቫኪዩም ይሞክር ወይስ ወዲያው ይላክ? (ሐዋሳ)

ሚድዋይፍ፣ ቱላ፦ የማህፀን በር 10 ሴንቲ ሜትር ሞልቶ የቆመ ምጥ ሁሉ ለኦፕራሲዮን ይላክ የሚለውን አልቀበልም። ቫኪዩም፣ ማለትም የሕፃኑ ጭንቅላት ላይ በሚጣበቅ ኩባያ ስቦ ማዋለድ፣ ለጤና ጣቢያ የተፈቀደ ሥራ ነው። ሆድ ሲዳሰስ ከዳሌ በላይ የቀረው የጭንቅላቱ ክፍል ከአንድ አምስተኛ ካልበለጠ፣ እንሽርት ውሃው ከፈሰሰ፣ የሽንት ፊኛ ባዶ ከሆነ እዚያው ትውለድ። አምቡላንስ ስንጠብቅ ጭንቅላቱ ዳሌ ውስጥ ይበልጥ ይቀረቀራል።

የማህፀንና ፅንስ ሐኪም፣ ታቦር፦ ሲስተር፣ መስፈርቱ ልክ ነው፤ ችግሩ አፈጻጸሙ ላይ ነው። የራስ ቅሉ ገና ከላይ እያለ የጭንቅላቱ ቆዳ እብጠት ብቻ ወርዶ በጣት ሲነካ «ደርሷል» ተብሎ ይሳባል። ሆድ ሳይዳሰስ አይወሰን። ሦስት ጊዜ ተስቦ ካልወረደ ይቁም። ከከሸፈ ቫኪዩም በኋላ የሚደረግ ኦፕራሲዮን በጣም ከባድ ነው። የማህፀኑ የታችኛው ክፍል ተለጥጦ ሳስቷል፤ እጅ ገብቶ ጭንቅላቱን ሲያወጣ ቁርጡ ወደ ጎን ተቀዶ ትልቁ የማህፀን ደም ሥር ጋ ይደርሳል፣ ወደ ታች ከሄደም የማህፀን በርንና ፊኛን ይነካል። ሕፃኑ ለመታፈን፣ ለራስ ቅል ስብራትና ለአንጎል ደም መፍሰስ ይጋለጣል።

ሚድዋይፍ፣ ቱላ፦ እኔም የምለው እሱኑ ነው ዶክተር! የማህፀን በር ከተጎዳ የሚቀጥለው እርግዝና ያለጊዜው የመወለድ አደጋው ይጨምራል። በቫኪዩም መውለድ የምትችለውን ለምን ለዚህ እንዳርጋት?

የአኔስቴዥያ (ማደንዘዣ) ባለሙያ፣ መናኸሪያ፦ ምጥ የሚያጠነክረው መድኃኒት፣ ኦክሲቶሲን፣ እየተንጠባጠበላቸው ኦፕራሲዮን ክፍል የሚገቡ አሉ። ውሳኔው እንደተላለፈ ይዘጋ! በተኮማተረ ማህፀን ውስጥ ለእጅ ቦታ የለም። ደም ቀድሞ ይዘጋጅ፤ ደም መፍሰስን የሚቀንሰው ትራኔክሳሚክ አሲድ 1 ግራም በእጅ ይኑር።

ሐኪም፣ ታቦር፦ ጭንቅላቱን ከታች፣ በብልት በኩል፣ የሚገፋም ሰው ማህፀኑ ከመቆረጡ በፊት ይመደብ። ንጹሕ ጓንት አድርጎ፣ ጣቶቹን ዘርግቶ በመዳፉ ጭንቅላቱን አጎንብሶ ቀስ ብሎ ወደ ላይ ያንሳ። በሁለት ጣት መግፋት ቅሉን ይሰብራል። እምቢ ካለ በእግሩ ተይዞ ይወጣል። ቁርጡም ከወትሮው ከፍ ይበል፤ ዝቅ ካለ ማህፀን መስሎን ብልት እንከፍታለን።

የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ባለሙያ፣ ሃይቅ ዳር፦ ጭንቅላቱ ለረጅም ሰዓት ተጭኖ ከቆየ ካቴተር (የሽንት ቱቦ) በማግስቱ አይነቀል፤ ከ7 እስከ 14 ቀን ይቆይ። ይርጋለም ወደሚገኘው የሐምሊን ፊስቱላ ማዕከል የሚያደርሰው ጉዳት፣ ሽንት ያለማቋረጥ የሚያፈሰው ቀዳዳ፣ የሚጀምረው እዚህ ነው። በቫኪዩሙ ግን ከሲስተር ጋ አልስማማም፤ ከሽፎ ለመላክ መኪና በር ላይ ካልቆመ አይጀመር።

ሚድዋይፍ፣ ቱላ፦ መኪናው ይቁም፣ እስማማለሁ። እናንተም ሪፈር ወረቀቱ ላይ ስንት ሰዓት ሙሉ እንደተከፈተና ስንት ጊዜ እንደተሳበ ሳታነቡ ቢላ አታንሱ።