ዛንዚባር ለ5 ቀን፦ መቼ እንሂድ? የት እንረፍ?

የፒያሳ ልጅ፦ ሰላም ወገን። ሁለት ሆነን ነው፤ ባሕርም ጫካም እንፈልጋለን። ሚያዝያ ይሻላል ወይስ ክረምቱን እንጠብቅ?

ካሳንቺስ 7፦ ሚያዝያን እርሱት፤ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ትልቁ ዝናባቸው ነው። የእኛ ክረምት የእነሱ ደረቅ ወቅት ነው፣ ዋጋው ግን ይወደዳል።

ማረፊያ ላይ ፎቶ አያታልላችሁ። ባሕሩ በቀን ሁለቴ ይሞላል፣ ሁለቴ ይሸሻል። በምሥራቅ በኩል ፓጄና ጃምቢያኒ ዳርቻው ጥልቀት ስለሌለው ውሃው ሲሸሽ በመቶዎች ሜትር ይርቃል፤ እስኪሞላ ለ6 ሰዓት ያህል መጠበቅ ነው። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና ስትወለድ ይብሳል። ለመዋኘት ሰሜን፣ ኑንግዊ ወይም ኬንድዋ ያዙ። የውሃ ጫማ አትርሱ፤ ድንጋዩ ላይ እሾሃቸው እግር ውስጥ የሚሰበር ጥቁር እንስሳት አሉ።

አራት ኪሎ፦ ጫካው ጆዛኒ ነው፤ የዛንዚባር ቀይ ጉሬዛ የሚባለው ዝርያ ከዚያ ሌላ የትም የለም። በጠዋት ግቡ።

ወረቀቱን አስቀድሙ፦ ቪዛ በኢንተርኔት፣ የቢጫ ወባ ክትባት ከበረራው ቢያንስ 10 ቀን በፊት (ካርዱ ከዚያ በፊት አይጸናም)፣ እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2024 ጀምሮ ደግሞ የደሴቲቱ የግዴታ ኢንሹራንስ፣ ለአዋቂ 44 ዶላር። ከውጭ የተገዛ ኢንሹራንስ አይተካውም። ፌስታል ክልክል ነው፣ ሻንጣ ውስጥ እንዳይገኝ።

ካሳንቺስ 7፦ ሶኬታቸው አራት ማዕዘን የሆኑ ሦስት ቀዳዳዎች አሉት፤ አዳፕተር ከዚሁ ግዙ። ሰዓት ግን አትቸገሩም፣ በስዋሂሊም ጠዋት አንድ ሰዓት አንድ ሰዓት ነው።