የአዶልፍ ክሉስን ሕንፃዎች በአንድ ቅዳሜ እንዴት እንያቸው? (ዋሽንግተን ዲሲ)

ጥያቄ፦ የሚሚ እናት
ወገኖች፣ ሰላም ናችሁ? ልጄ ሰባተኛ ክፍል ናት። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ዲሲን ስለገነባ አርክቴክት ፖስተር ሥሩ ተብለዋል። ለሷ የደረሳት አዶልፍ ክሉስ የሚባል ጀርመናዊ ነው። እኔ ስሙንም ሰምቼው አላውቅ። ሄዳችሁ እዩ፣ ፎቶም አንሱ ብለዋቸዋል። ያለነው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፣ መኪና የለንም፣ የሚመቸን ቅዳሜ ብቻ ነው። የቱን እንይ? ስንደርስስ ምኑን ነው የምናየው? ለኔ ሁሉም ቀይ ጡብ ነው።

መልስ፦ ጡቡ
እህቴ፣ ሰውየው የሚታወቀውም በቀይ ጡብ ነው። በ1825 (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ሃይልብሮን ተወለደ፣ በ1848 አሜሪካ ገባ። ትምህርት ቤት በለው፣ ገበያ በለው፣ ቤተ ክርስቲያን በለው፣ ዲሲ ውስጥ ያልሠራው የለም። አብዛኛው ፈርሷል። የቀሩት ግን ለባቡር ይመቻሉ።

በቀዩ መስመር ፋራገት ኖርዝ ውረዱ። 17ኛና ኤም ላይ ሰምነር ትምህርት ቤት አለ፣ የ1872 ሥራ ነው። ከዚያ በእግር ወደ 13ኛና ኬ፣ ፍራንክሊን ትምህርት ቤት (1869)። አሁን ፕላኔት ወርድ የሚባል የቋንቋ ሙዚየም ሆኗል፣ ሚሚ ትወደዋለች። ከማክፈርሰን ስኩዌር ባቡር ያዙና ስሚዝሶኒያን፣ በዚያው መስመር ደግሞ ኢስተርን ማርኬት።

ፍራንክሊን ጋ መስኮቶቹን ልብ በሉ። ረጃጅም ናቸው። ክሉስ ክፍሉ ብርሃንና አየር ይግባው ባይ ነበር። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውንም ሰሌዳ አንብቡ፤ ግራሃም ቤል በ1880 ከዚህ ሕንፃ በብርሃን ጨረር ድምፅ ልኳል።

መልስ፦ የሰፈር ልጅ
ካስሉን እንዳትረሱ! ስሚዝሶኒያን ያለው ትልቁ ቀይ ግንብ የሱ ነው።

መልስ፦ ጡቡ
አይደለም ወንድሜ፣ ካስሉ የጄምስ ሬንዊክ ነው። ክሉስ የገባበት በ1865 ከተቃጠለ በኋላ ለእድሳት ነው። የሱ ሥራ አጠገቡ ያለው አርትስ ኤንድ ኢንደስትሪስ የሚባለው የሙዚየም ሕንፃ ነው፣ ከፖል ሹልዘ ጋር የሠራው። ካስሉ የአሸዋ ድንጋይ ነው፣ ይሄኛው ጡብ። ጠጋ ብላችሁ እዩት፣ በቀዩ መሃል ሰማያዊና ቢጫማ ጡብ እንደ ጥለት ይዞራል። ኮንግረስ የፈቀደው 250,000 ዶላር ብቻ ነበር፣ እና ጌጡን ከዚያው ከጡቡ አወጣው። በ1881 ሙዚየሙ ገና ሳይከፈት የፕሬዚዳንት ጋርፊልድ የሹመት ድግስ ተደግሶበታል። ብዙ ጊዜ ዝግ ስለሆነ ከውጭ አንሱት።

መልስ፦ ጋሼ ከአርሊንግተን
ልጆች፣ ዋናውን ዘለላችሁት እኮ! ክሉስ በወጣትነቱ የለየለት ኮሚኒስት ነበር። በ1850ዎቹ ከማርክስና ከኤንግልስ ጋር ደብዳቤ ይጻጻፍ ነበር። እኛ ማርክስን ተደብቀን ስናነብ ወዳጁ ለአሜሪካ መንግሥት ሙዚየም መሥራቱን የነገረን የለም። በኋላ ፖለቲካውን ትቶ የከተማው መሐንዲስ ሆነ። በ1874 ኮንግረስ የከተማዋን ገንዘብ ሲመረምር ቀርቦ ጉዱን አወጣ፣ እንጀራውንም አጣ።

የሚሚ እናት
ጋሼ፣ ማርክስን ፖስተር ላይ ብለጥፍ መምህሯ ምን ትለኛለች! ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ግን ከአራቱ ሕንፃዎች የቱን ፖስተሩ መሃል ላይ እናድርግ?

መልስ፦ አስተማሪዋ
ሰምነርንና ፍራንክሊንን ጎን ለጎን ለጥፉ። ፍራንክሊን ለነጭ ልጆች፣ ሰምነር ለጥቁር ልጆች ነው የተሠራው፣ በሦስት ዓመት ልዩነት፣ በአንድ ሰው እጅ። ሰምነር ለጥቁሮች ነው ተብሎ ለይስሙላ የቆመ ቤት አይደለም። ከነሰዓቱ ግንቡን ስታዩት ይገባችኋል። በ1877 የጥቁር ተማሪዎች የሁለተኛ ደረጃ ምረቃ ለመጀመሪያ ጊዜ የተካሄደው እዚያ ነው። ዛሬ የከተማው ትምህርት ቤቶች ቤተ መዛግብትና ሙዚየም ነው። ቅዳሜ መክፈታቸውን ቀድመሽ ደውለሽ ጠይቂ።

መልስ፦ ታክሲው
ኢስተርን ማርኬትን መጨረሻ አድርጊው፣ ርቧችሁ ስለምትደርሱ። ከ1873 ጀምሮ ገበያ ነው። በ2007 ተቃጥሎ በ2009 እንደገና ተከፈተ። የምታነሱት ደቡቡን ክፍል ብቻ ነው። ሰሜኑ በ1908 በሌላ አርክቴክት የተጨመረ ነው። ቅዳሜ የነጋዴው ድንኳን ግንቡን ስለሚጋርደው ከ7ኛው መንገድ ማዶ ሆናችሁ ከፍ አድርጋችሁ አንሱ።