ፖስትፒል ማህፀን ያደርቃል እንዴ?

የሳቢያን ልጅ፦
ሰላም የድሬ ልጆች። ስሜ ይቅር፣ ድሬ ሰው ሁሉ ይተዋወቃል። እጮኛዬ ባጃጅ ይነዳል። ኮንዶም የሚያስቀምጠው መሪው ሥር ባለችው ኪስ፣ ከሳንቲሙ ጋር ነው። ከሁለት ሳምንት በፊት ቅዳሜ ማታ ተቀደደብን። ጠዋት ከዚራ ሄጄ ፖስትፒል፣ የድንገተኛ እርግዝና መከላከያውን ኪኒን፣ ገዛሁ። ሰፈራችን ካለው ፋርማሲ አልገዛም፤ ባለቤቷ የእናቴ እቁብተኛ ናት። ሁለቱንም ፍሬ ባንዴ ዋጥኩ። አሁን የወር አበባዬ አራት ቀን አልፏል። ከዚህ በፊትም ስለወሰድኩ ጓደኛዬ “ማህፀንሽን ያደርቀዋል” እያለች ታስፈራራኛለች። ደግሞ ሰሞኑን ያሳክከኛል፣ ነጭ ፈሳሽም አለ። ከኪኒኑ ነው?

አዋላጅ ነኝ፦
እህቴ፣ አያደርቅም። ፖስትፒል እንቁላል እንዳይወጣ ያዘገያል፣ በቃ። ሁለቱን ባንዴ መዋጥሽ ልክ ነው። በ72 ሰዓት ውስጥ ይወሰዳል፣ ቶሎ ሲሆን ይሻላል። የወር አበባን ሊያዘገይ ይችላል፤ ከ7 ቀን ካለፈ ግን የሽንት ምርመራ አድርጊ። እንቁላሉ ቀድሞ ከወጣ ብዙም አያግዝም፣ ስለዚህ በሱ ብቻ አትኑሪ። በክንድ የሚቀበረው ባለ አንድ ዘንግ መከላከያ 3 ዓመት ይሠራል። ማህፀን ውስጥ የሚቀመጠው ሉፕም፣ የሦስት ወር መርፌም አለ። መንግሥት ጤና ጣቢያ በነጻ ነው።

ማሳከኩን ግን በኪኒኑ አታሳብቢ። አይብ የመሰለ፣ ሽታ የሌለው ፈሳሽ ብዙ ጊዜ ፈንገስ ነው። ከሸተተ፣ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ከሆነ፣ ወይም ከእንብርት በታች ካመመሽ ግን ሌላ ነገር ነው። በግብረ ሥጋ የሚተላለፈው ክላሚዲያ ደግሞ ብዙ ጊዜ ምንም ምልክት ሳያሳይ ይቀመጣል። ሳይታከም ከቆየ እንቁላል የሚያልፍበትን ቱቦ ሊዘጋ ይችላል። ጓደኛሽ የምትፈራውን መካንነት የሚያመጣው እንዲህ ያለው ነው እንጂ ፖስትፒል አይደለም።

ባጃጅ ነጂ፦
አቦ! እዛች ኪስ ውስጥ እኮ በቀትር ማስቲካ ይቀልጣል። ኮንዶም እዛ ይቀመጣል?

አዋላጅ ነኝ፦
ልክ ብለሃል። ሙቀት ላስቲኩን ያደክመዋል። ቫዝሊንና የምግብ ዘይትም ያስቀድዱታል፤ በውሃ የተሠራ ማለስለሻ ነው የሚሻለው። ጥላ ያለበት ቤት ይቀመጥ፣ የሚያበቃበት ቀንም ይታይ።

የሳቢያን ልጅ፦
ሲስተር እግዜር ይስጥልኝ። ፋርማሲ ሄጄ አንቲባዮቲክ ብገዛስ? እጮኛዬ “እኔን ምንም አላመመኝም” ይላል።

አዋላጅ ነኝ፦
አትግዢ። ፈንገስ ከሆነ አንቲባዮቲክ ያባብሰዋል። ወንዱም ሳያመው በሽታው ሊኖርበት ይችላል፤ ክላሚዲያ ወይም ጨብጥ ከተገኘ እሱም አብሮ ካልታከመ መልሶ ያስይዝሻል። እምቢ ካለ ብቻሽን ሂጂ። ሳቢያን ካፈርሽ ለገሀሬ ወይም ገንደቆሬ በኩል ሂጂ፣ ማንም ለምን መጣሽ አይልሽም። ኤችአይቪንም እዛው ተመርመሪ። የቅዳሜዋን ማታ ለማረጋገጥ ከ3 ወር በኋላ ይደገማል፤ እስከዛው በኮንዶም።